የካናቢስ ዘርና ሕጉ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የአትክልት ዘርና ችግኝ እሸጣለሁ። ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ የጥቅል ጎመን ችግኝ። ግንቦት ሲገባ ሱቁ ይጨናነቃል፤ ሌላው ጊዜ ወሬ ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት ገባ። የነበሩት ደንበኞች እስኪወጡ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ዘር ይገኛል?" ብሎ ስልኩን አሳየኝ። የካናቢስ (የጋንጃ) ዘር በፖስታ የሚልክ የውጭ ሻጭ ነው። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው በዩሮ ነው፣ ከሥሩ "ሕጋዊ" የሚል ቃል ተለጥፏል።

አይገኝም አልኩት። "ለምን?" ሲለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘሩ ራሱ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ጠበቃ ናት። ብነግራት የወንጀል ሕጉን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና "አንብብ፣ ከዚያ አውራ" አለችኝ። አነበብኩ። ያልገባኝን እሷን ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ የተጠየቅኩትን ሁሉ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቅጠሉ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ዘሩስ?

የኛ የወንጀል ሕግ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። የዕፅ ነገር ያለው አንቀጽ 525 ላይ ነው። አንቀጹ የሚከለክላቸውን ድርጊቶች ይዘረዝራል፦ መትከል፣ ማምረት፣ ማዘዋወር፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማስወጣት፣ መደለል፣ መግዛት፣ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ማከፋፈል። ያለ ልዩ ፈቃድ ይህን ያደረገ ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ከአምስት ዓመት "የማያንስ" ነው የሚለው፣ "የማይበልጥ" አይደለም። እኔም መጀመሪያ ላይ ገልብጬ አንብቤው ነበር።

ለኔ ቢጤ ዘር ሻጭ ዓይን የሚገባው መትከል እዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ነው። ሕጉ ቅጠሉ እስኪደርስ፣ እስኪደርቅ፣ እስኪጠቀለል አይጠብቅም። አፈር ውስጥ የገባ ዘር ተተክሏል። አንድ ይሁን አሥር፣ ጣሳ ውስጥ ይሁን ጓሮ፣ ተክሏል የሚባለው ሰውዬው ነው።

ያልተተከለው ዘር ላይ ነው ክርክሩ የሚነሳው። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ዕፆች ስምምነት "ካናቢስ" የሚለው የተክሉን የአበባና የፍሬ ጫፍ ነው። ጫፉ አብሮት ከሌለ ዘሩንና ቅጠሉን ከትርጉሙ ያወጣቸዋል። ይህቺን አንድ መስመር ይዘው "ዘሩ ነፃ ነው" የሚሉ ልጆች ገጥመውኛል። ያላነበቡት የዚያኑ ስምምነት አንቀጽ 39 ነው። እሱ አገሮች ከስምምነቱ የጠበቀ ሕግ እንዲያወጡ በግልጽ ይፈቅዳል። ስምምነቱ ለአገሮች ትንሹን ግዴታ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያ በላይ ያለው የየአገሩ ጉዳይ ነው።

የእህቴ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ሕጉ ላይ ሙከራ የሚባል ነገር አለ፣ አንቀጽ 27። ወንጀል ለመሥራት ጀምሮ ያልጨረሰም ይጠየቃል። ዘር ያዘዘ፣ አፈር ያዘጋጀ፣ ለጓደኛው "በዚህ ወር እተክላለሁ" ብሎ በቴሌግራም የጻፈ ሰው "ዘር ብቻ ነው የያዝኩት" ቢል ማን ይሰማዋል? ክርክሩ በወረቀት ላይ ደስ ይላል። እዚያ ችሎት ላይ የመጀመሪያው ተከራካሪ ለመሆን ግን ማንም አይመኝ።

ዘሩ ውስጥ የሚያሰክር ነገር አለ?

የለም ማለት ይቻላል። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነገር ያለው አበባው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች በሚወጣው የሚያጣብቅ ሙጫ ላይ ነው። ዘሩ ላይ ከተገኘ ከዚያ የተነካካ ነው። በተረፈ ዘሩ እንደ ኑግና ተልባ የቅባት እህል ነው። ሲሶ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን። ግን ዘር ሲባል ዛሬ ያለውን ብቻ አይደለም የምናየው። ገበሬ ከኔ የካሮት ዘር ሲገዛ ብናኙን ሊበላው አይደለም።

ሻጩ "ሕጋዊ ነው፣ ወደ ሁሉም አገር እንልካለን" ይላል። ታዲያ?

ለሱ ሕጋዊ ነው። ብሪታንያን እንውሰድ። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕፅ ሕጋቸው ለብቻው የተለየውን ዘር ካናቢስ አይለውም። ስለዚህ ሱቆች ዘሩን "ማስታወሻ ዕቃ ነው፣ ለመትከል አይደለም" እያሉ ይሸጡታል። ያንኑ ዘር እዚያው አገር ያበቀለ ሰው ግን ወንጀለኛ ነው። ቀልድ ይመስላል፤ እነሱ ግን ኖረውበታል። ጀርመን ደግሞ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ቤቱ ውስጥ እስከ ሦስት ተክል እንዲያሳድግ ፈቅዳለች። ደቡብ አፍሪካም በ2018 እ.ኤ.አ. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ አዋቂ ሰው በግሉ ቢጠቀምና ቢያበቅል ወንጀል አይደለም ብሎ ወስኗል።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የሻጩ አገር ሕግ ግን ከፖስታው ጋር አውሮፕላን አይሳፈርም። ዕቃው የሚፈረድበት በሚከፈትበት አገር ነው። ተገላቢጦሹን ለማየት ጫትን አስቡት። ከዚህ ሲነሳ ግብር የተከፈለበት፣ ለውጭ ገበያ የሚላክ ሸቀጥ ነው። ለንደን ላይ ግን ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተከለከለ ዕፅ ነው። ለንደን የተያዘ ሰው "ወሎ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል" ቢል ምን ይጠቅመዋል?

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ማንኛውም ዘር፣ የቲማቲምም ቢሆን፣ ወደ አገር ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ተባይና በሽታ አብሮ እንዳይገባ ነው። በትንሽ ፖስታ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ የውጭ ዘር፣ የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ ገና ከመነሻው ሕግ ጥሷል።

ያላዘዝኩት ዘር በፖስታ ቢመጣስ?

አብሽር። ወንጀል ሐሳብ ይፈልጋል፤ ሳታውቁ የመጣባችሁ ነገር ወንጀለኛ አያደርጋችሁም። ዋናው ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ነው። ጥቅሉ ገና ያልተረከባችሁት ከሆነ አትረከቡ፤ "የኔ አይደለም" በሉና እዚያው ይመዝገብ። ከፍታችሁ ካያችሁት ደግሞ "እስቲ ምን እንደሆነ ልትከለው" ማለት የለም። ለጎረቤት ማደልም የለም። መስጠት በራሱ ማከፋፈል ነው።

በነገራችን ላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወታችንን፣ በፖስታ የምንጻጻፈውን ጭምር ይጠብቃል። ይህ ማለት ግን ከውጭ የሚገባ እሽግ ጉምሩክ አይፈትሸውም ማለት አይደለም። ዕቃ ይፈተሻል። ፖስታው ላይ ደግሞ ስማችሁና ስልክ ቁጥራችሁ በጉልህ ተጽፏል።

ወደ ዓረብ አገር ስሄድ ዘመድ የሰጠኝን የአደራ ዕቃ ብይዝ ችግር አለው?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥቼ ነው የምመልሰው። ከወሎ ስንቱ ልጅ ነው ባሕር የተሻገረው። ከደሴ መናኸሪያ ወይም ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ ሰው ሻንጣው ግማሹ የሌላ ሰው ነው። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። "እባክሽ እታለም፣ ለልጄ አድርሺልኝ" ሲባል እምቢ ማለት በኛ ባህል ከባድ ነው። አደራ ነዋ። አደራ ደግሞ ከፍቶ መፈተሽ ነውር ይመስለናል።

ክፈቱት። ነውሩ ይቅር። ጅዳ ወይም ዱባይ ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው አደራ የሚባል ነገር አያውቅም። ሻንጣው የማን ነው? የኔ። ያሸገው ማን ነው? በቃ። ሳዑዲ አረቢያ ዕፅ በማዘዋወር ሰው በሞት ትቀጣለች። ቅጣቱ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ በሐሺሽ ምክንያት ከተገደሉት የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሳይጻፍ ማለፍ አይገባም።

የዘር ነገር እዚያ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ደግሞ ኸሽኻሽን ተመልከቱ። አውሮፓ ውስጥ ዳቦ ላይ የሚነሰነስ፣ ከሰሊጥ የማይለይ የፖፒ ዘር ነው። ኤምሬትስ ግን የተከለከለ ነው፤ ተክሉ የኦፒየም ተክል ስለሆነ። ዳቦ ላይ የሚነሰንሱት እንዲህ ከሆነ የካናቢሱ ዘር ምን እንደሚባል ገምቱ። ጫትም እዚያ ክልክል ነው፤ "ለሱስ ያህል ትንሽ እሰር" የሚል አጎት ካለ ከልቡ ይውደደን እንጂ እሱን አንስማው።

የምመክረው ይሄ ነው። የተቀበላችሁትን ሁሉ ሰጪው ፊት ከፍታችሁ፣ እንደገና በራሳችሁ እጅ አሽጉ። የተፈጨውን በማንኪያ፣ የተሰፋውን በጣት። የማታውቁት ሰው "ዘመድሽ ልኮኝ ነው" ብሎ ያመጣውን አትያዙ። የሚቀየም ይቀየም። እናቴ የሰው አደራ ሳትፈትሽ አትልክም ነበር። ጎረቤት "አቤት ጥርጣሬዋ" ይላት ነበር፤ እሷ ደንታም አልነበራት።

ጓሮዬ ውስጥ ራሱ በቅሎ ባገኘውስ?

መጀመሪያ እሱ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ባለፈው ከኮምቦልቻ አንዲት እናት ስልክ ደወሉልኝ። ቤት ያከራያሉ። "ልጄ፣ ተከራዬ ከሰርቪሱ ጀርባ ጋንጃ ተክሎብኛል፣ ለፖሊስ ልነግር ነው፣ አንተ ዘር ታውቃለህና እይልኝ" አሉኝ። ፎቶ በቴሌግራም አስላክኳቸው። ጉሎ ነው! ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት፤ ሙቀቱን ጉሎ ይወደዋል፣ በየቆሻሻ መጣያው ይበቅላል። ምስኪን ተከራይ፣ ምንም አያውቅም።

ልዩነቱ ቀላል ነው። የጉሎ ቅጠል አንድ ሰፊ ቅጠል ሆኖ ዳርዳሩ እንደ ጣት የተከፈለ ነው። የካናቢስ ቅጠል ግን ከአንድ ነጥብ የሚነሱ አምስት፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ ቀጫጭን ቅጠሎች ናቸው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተጠረሰ። አስተናግርንም ከሱ ጋር የሚያምታታ ሰው አለ። እሱ ሌላ ተክል ነው፤ ነጭ የጥሩንባ ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ አለው። መርዛም ነው፤ ልጅ ካለ ንቀሉት።

የምር ካናቢስ ሆኖ ከተገኘና የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ዝም ብሎ ውኃ ማጠጣት መትከል ነው የሚመስለው። ነቅሎ ማድረቅ ደግሞ የባሰ ነው። ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ፣ ከተቻለ ከጎረቤት ምስክር ጋር። አከራይ ከሆናችሁ በተለይ፣ እያያችሁ ዝም ማለት በኋላ ጥያቄ ያመጣል።

ሻሸመኔ ተፈቅዷል ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጥተዋል፣ ራስ ተፈሪያውያንም በኋላ መጥተው ሰፍረውበታል። ካናቢስ ለነሱ የእምነት ነገር ነው። አንቀጽ 525 ግን ለእምነት የተለየ በር አልከፈተም። የመሬት ስጦታ የሕግ ስጦታ አይደለም።

ጫት ተፈቅዶ ይሄ ለምን ተከለከለ?

በርጫ ላይ ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ ነው፣ ምርቃና ሞቅ ሲል በተለይ። ጫት የ1961ዱ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የለም። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን የሚባሉት ኬሚካሎች ግን በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ሌላ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ተክሉን ራሱን ግን ስምምነቶቹ ለየአገሩ ትተውታል። ኢትዮጵያ ፈቀደች፣ ሌሎች ከለከሉ። በጉዳት መዝነው በልኩ የከለከሉ አይምሰላችሁ፤ ታሪክ፣ ንግድና ልማድ የወሰኑት ብዙ ነገር አለ። "አግባብ አይደለም" የሚል ሰው ከኔ ጋር ቡና እየጠጣ መከራከር ይችላል፣ እኔም ግማሹን ልስማማ እችላለሁ። ዘር ማዘዙ ላይ ግን አንስማማም።

ሄምፕስ? ለኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጥሬ ዕቃ አይሆንም?

ይሄን የጠየቀኝ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሄምፕ ያው ካናቢስ ነው፣ ቲኤችሲው በጣም ያነሰ። ግንዱ ጠንካራ ጭረት (ቃጫ) ይሰጣል፤ ድሮ የመርከብ ሸራና ገመድ የሚሠራው ከሱ ነበር። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕጓ መስመሩን 0.3 በመቶ ላይ አስምራ ለገበሬ ፈቀደች። የ1961ዱ ስምምነትም ለጭረትና ለዘር ተብሎ ለኢንዱስትሪ የሚለማውን ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎታል።

ታዲያ በሩ ክፍት አይደለም? ለአገር ክፍት ነው፤ አገር ሕግ ካወጣች። የኛ አንቀጽ 525 የመቶኛ መስመር የለውም። ያለው "ያለ ልዩ ፈቃድ" የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ባለሀብት እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ዘር። ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ "ሄምፕ ነው ብለው ሸጡልኝ" ቢል ግን ፖሊስ ማሳው ላይ ቆሞ በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ከውጭ የመጣች አክስቴ ለቁርስ የምትበላው የሄምፕ ዘር ይዛ መጥታለች።

የተፈለፈለ ከሆነ አይበቅልም። ነጭ፣ ለስላሳ ነው፣ ሰሊጥ ይመስላል። አክስትየዋ ወንጀለኛ ናት የሚል ሰው አላውቅም። ቢሆንም በሚቀጥለው ስትመጣ እዚያው ትተወው። የኛው ተልባ ምን አጠፋ? ከነቅርፊቱ የሆነ፣ የሚበቅል ዘር ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል።

ለመድኃኒት ቢሆንስ?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላት እናት ጠይቃኛለች። ከካናቢስ የተገኘ ሲቢዲ የሚባል ንጥረ ነገር ያለው መድኃኒት አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ለተወሰኑ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዳለች፤ እውነት ነው። እሱ ግን ተመዝኖ፣ ተመርምሮ፣ በሐኪም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከዘር አይገኝም፤ ዘሩ ላይ ሲቢዲ የለም ማለት ይቻላል። "የሄምፕ ዘር ዘይት ለሚጥል በሽታ" እያለ የሚሸጥ ካያችሁ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። እዚህ አገር መድኃኒት የሚፈቅደው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ልጁን የያዘው ሐኪም የጀመረለትን መድኃኒት ደግሞ በምንም ምክንያት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ተይዤ "ሕጉን አላውቅም ነበር" ብልስ?

አያዋጣም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕግ አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። ምን እንደያዙ አለማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። "ክልክል መሆኑን አላወቅኩም" እና "ጥቅሉ ውስጥ ዘር መኖሩን አላወቅኩም" አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ከፍርድ ቤት ጀምሮ ሰሚ አለው።

የተያዘ ሰው መብትም አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ዝም ማለትም ሊችል ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር። ቤተሰብ ጣቢያ በር ላይ ከማልቀስ አስቀድሞ ጠበቃ ይፈልግ።

አዝዤው መጥቷል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

ይሄንን የጠየቀኝ ያ የመጀመሪያው ልጅ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ። እኔ ጋ አላስቀመጠውም፣ እንዲያስቀምጥም አልፈቀድኩለትም። አትትከለው፣ ለማንም አትስጠው፣ አትሽጠው፣ በቴሌግራምም አታውራበት አልኩት። የእህቴን ልጅ ቁጥር ሰጠሁት። ጠበቃ የነገሩትን ይዞ አያወራም፤ እኔ ግን ሱቅ ነው ያለኝ፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ምን እንዳለችው አልጠየቅኩም። ባለፈው ሰኞ መጥቶ የቆስጣ ዘር ገዛ።